የካሳነሽ አውራ ጣት

ደመላሽ ባርኔጣውን አውልቆ የአራስ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲቆም፣ እማማ ወርቂቱ መጀመሪያ ያዩት ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው። በአንድ እጁ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዟል፤ ብብቱ ሥር መዝገብ ወሽቋል። የቡና መጋዘን ካቦ ከመቼ ወዲህ ነው አራስ የሚጠይቀው? ዲላ ውስጥ ስንቷ ቡና ለቃሚ ወልዳለች፤ በማን ደጅ ታይቶ ያውቃል?

"እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ሙሉካ!" አለ። "ጌታዬ ስጦታ ልከውልሻል። ይኼን የጠጣ ልጅ እንዲህ ነው የሚሆነው።" ቆርቆሮው ላይ የተሳለውን ጉንጫም ሕፃን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

"እናት የለውም እንዴ እሱ ልጅ?" አሉ እማማ ወርቂቱ።

ልጃቸው ሙሉካ ሳቀች። ከወለደች አሥራ ስድስተኛ ቀኗ ነው፤ ቁጭ ስትል ገና ወገቧን ትይዛለች። የመጋዘኑ ባለቤት ለወለደች ለቃሚ አርባ ቀን ዕረፍት ከነደመወዟ ብሎ በር ላይ ስላስነገረ፣ ሃያ አራት ቀን ይቀራታል። መጀመሪያ ሰሞን ወተቷ እምቢ ብሎ እማማ ወርቂቱ በቡላ ገንፎና በአጥሚት ለምነው ነው ያወረዱት። እና አሁን ቆርቆሮውን በጉጉት ስታየው አልወደዱላትም።

"እማዬ፣ ብንቀበለው ምን አለበት? የኔው ባይበቃውስ?"

"ዝም ብለሽ አጥቢ!"

ደመላሽ መዝገቡን ገለጠ። "መረከቧን አውራ ጣቷን ትጫንልኝ። ሌላ ነገር የለበትም፤ ጃንሆይ ይሙቱ!"

"ጃንሆይን ከአራስ ቤት አውጣልኝ። ለስጦታ ደግሞ ጣት ይቀባል? እኔ ስንት አራስ ቤት ገንፎ ይዤ ገብቻለሁ፤ ማንንም አላስፈረምኩ።"

"እማማ፣ ፊደል አይቆጥሩ፤ እንዴት አድርጌ ላስረዳዎ?"

"አልቆጥርም። አምጣው እስቲ፣ ልየው።"

ምን ያመጣሉ ብሎ እየሳቀ ሰጣቸው። እሳቸው ጽሑፉን ትተው ግርጌው ላይ የተደረደሩትን ሰማያዊ ጣቶች አንድ በአንድ አዩ። አራተኛው ላይ ቆሙ። መሐሉን ለሁለት የከፈለ ነጭ ሰረዝ አለበት። ይህን ጣት ያውቁታል። ጎረቤታቸው ካሳነሽ እንሰት ስትፍቅ የቆረጠችው ነው፤ ደሙን ያቆሙት፣ በጨርቅ ያሰሩት እሳቸው ናቸው።

ካሳነሽ አምና ወልዳ በሃያ ቀኗ መጋዘን ተመልሳለች። ወገቧ ሳይጠና ከገደብ ወረዳ የመጣ ቡና ስትለቅም ዋለች። መንደሩ ስግብግብ አላት። እማማ ወርቂቱም አምተዋታል።

"ካሳነሽ!" ብለው በአጥሩ ላይ ተጣሩ።

መጣች። ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ ዓመት ሞልቶት ገና የስድስት ወር ያህላል። መዝገቡንና ቆርቆሮውን ስታይ ቀጥ አለች።

"ጣቱ ያንቺ ነው?"

"የኔ ነው። ለወተቱ ነው ብሎኝ ተጫንኩ። በሃያ ቀኔ ላከብኝ። አርባዬ አልሞላም ስለው፣ 'በፈቃዴ እመለሳለሁ ብለሽ ፈርመሻል' አለኝ። ቀን ቀን እዚያ ስውል ጡቴ ደረቀ። ቆርቆሮው ደግሞ ሲያልቅብኝ በውሃ እያቀጠንኩ..."

"ለምን አልነገርሽንም?"

"ማን ያምነኛል? እርስዎ እንኳ ስግብግብ ሲሉኝ ሰምቻለሁ።"

እማማ ወርቂቱ ዓይናቸውን ወደ መዝገቡ መለሱ።

ደመላሽ መዝገቡን ነጠቃቸው። "ካልተጫነች ቦታዋን ሌላ ይይዘዋል። በኋላ እንዳታለቅሱ!"

ሙሉካ ልጇን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዛወረች። "ጋሼ ደመላሽ፣ ቆርቆሮህን ይዘህ ሂድ። አርባዬ ሲሞላ እመጣለሁ። ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ካገኘሁ፣ እኔና ካሳነሽ በሩ ላይ ቆመን የወተትህን ነገር ለለቃሚው ሁሉ እናወራለን።"

ካቦው ባርኔጣውን እንኳ ሳያደርግ ወጣ።

"ግቢ እንጂ" አሏት እማማ ወርቂቱ ካሳነሽን፣ ዓይን ዓይኗን ሳያዩ። "ገንፎው አልቀዘቀዘም።"

በአርባ አንደኛው ቀን ጠዋት ሙሉካ መጋዘኑ በር ላይ ደረሰች። ቦታዋን ማንም አልያዘውም። እማማ ወርቂቱ ልጁን ታቅፈው ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ሲያለቅስ እየጠሯት ልታጠባው ነው። ደመላሽ የመግቢያውን መዝገብ ዘርግቶ፣ "ተጫኚ" አላት።

ጣቷን ልትሰድ ስትል አሮጊቷ ከነልጁ ተነሡ።

"ቆይ" አሉ። "መጀመሪያ እኔ ልየው።"