ሠላሳ አንድ ላይ የተቆለፈው ጣሪያችን

በኢንጂነሩ ኮምፒውተር ላይ፣ ሰውዬው እያየ፣ ርዕሰ መምህሯ ከኋላዬ ቆመው፣ 31ን አጥፍቼ 58 ጻፍኩ። እኔ ሄትቪ። ጣቴ ራሱ እስካሁን አላመነም።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የኛ ክፍል የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፣ ልክ ጣሪያው ሥር፣ ከተማችን አህመዳባድ ደግሞ በሚያዝያ ሙቀት ሰውን እንዴት እንደምታደርግ ታውቃላችሁ። አምና ጓደኛዬ ዛርና ፈተና ላይ እያለች በሙቀቱ ራሷን ስታ ከወንበሯ ወደቀች። ከዛ በኋላ ነው ፀሐዩን እንዲመልስ ጣሪያው ላይ የነጭ ሴራሚክ ስብርባሪ ይነጠፍ የተባለው። ፓሬሽባይ የሚባል ኢንጂነር መጥቶ ለካ፣ ኮምፒውተሩ "ክፍሉ አይሞቅም" አለ፣ በቃ፣ ሴራሚኩ ተሰረዘ። በምትኩ በገንዘቡ የትምህርት ቤቱ ስም የተጻፈበት አዲስ የግቢ በር ይሠራል። በር እኮ ነው የምላችሁ።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ፓሬሽባይ ያንን የሙቀት ማስሊያ ፕሮግራሙን ሊያሳየን ክፍላችን መጣ። ሕንፃችን ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ፣ ማለትም ቀዝቃዛ፣ ሆኖ ተቀምጧል፣ ሲያምር።

"የጣሪያውን ሙቀት ፕሮግራሙ ራሱ ከፀሐዩና ከአየሩ እንዲያሰላው መተው ይቻላል" አለ። "ወይ የለካችሁትን ቁጥር ታስገቡና ትቆልፉታላችሁ። እኔ በለካሁት በ31 ዲግሪ ቆልፌዋለሁ። መሞከር የሚፈልግ?"

ሦስት ሰው ረግጬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከዛ ያቺን 31 ሳያት አስታወስኩ። እሱ ሊለካ የመጣ ቀን ጣሪያው ላይ ውሃ ያፈሰስኩት እኔ ነኛ። ርዕሰ መምህራችን ኢላቤን "የእንግዳ እግር እንዳይቃጠል" ብለው አምስታችንን ባልዲ አስይዘው ላኩን። እንግዳ ሲመጣ ጣሪያ ይረጫል፣ እናቴም እንደዚሁ ነው የምታደርገው። ሰውዬው የለካው እርጥብ ጣሪያ ነው።

"ፓሬሽባይ፣ 31 ላይ ድንች ይደርቃል?" አልኩት።

"የምን ድንች?"

"እናቴ በስሱ ቆርጣ ጣሪያ ላይ ታሰጣለች። ማታ ላይ ኮሽ ኮሽ ይላል። 31 ቢሆን ኖሮ ይሻግት ነበር። እርስዎ የመጡ ቀን እኮ ውሃ ረጭተን ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዛርና ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሽጉጥ የሚመስል የሙቀት መለኪያ አንስታ ደረጃውን ወጣች፤ ማንም ሂጂ አላላትም። ስትመለስ እያለከለከች "ሃምሳ ስምንት" አለች። "ጫማዬም ሊቀልጥ ነው።"

በዚህ ጊዜ ነው 58 የጻፍኩት። ክፍላችን ስክሪኑ ላይ ደም መሰለ።

"ይሄም ስህተት ነው" አለ ፓሬሽባይ። "እንዲህ ከቆለፍሽው ሌሊትም 58 ነው ብሎ ያምናል።"

እውነቱን ነው። አፈርኩ፣ ለሁለት ሰከንድ። "እሺ፣ ቁልፉን ይፍቱትና ራሱ ያስላው።"

ፈታው። ጠበቅን። ክፍሉ ውስጥ ከሰዓት በኋላ 39 ዲግሪ። ቀይ አይደለም፣ ብርቱካናማ ነው፣ ግን ሰማያዊ የሚባል ነገር የለም።

"የእንግዳ ዕቃ መነካካት ማን አስተማረሽ?" አሉ ኢላቤን።

"ሞክሩ ያሉት እሳቸው ናቸው፣ ኢላቤን።"

"ምላስሽ ከጣሪያው ይብሳል። ነገ ጠዋት የይቅርታ ደብዳቤ ይዘሽ ትመጫለሽ። እንግዳ ደፍሬአለሁ፣ ስለ ጣሪያውም የተናገርኩት ውሸት ነው ብለሽ ትፈርሚያለሽ። አለዚያ ፈተና አትቀመጪም።"

ፓሬሽባይ ገመዱን እየጠቀለለ ቀስ ብሎ "ውሃ መረጨቱን በጽሑፍ የሚመሰክር ካለ ሪፖርቱን እቀይራለሁ" አለኝ። "ያፈሰሰችው ልጅ ራሷ ውሸት ነው ብላ ከፈረመች ግን 31 እንደተቆለፈ ይቀራል።"

ደብዳቤውን ጽፌዋለሁ። ዕቃ ስለነካሁ ይቅርታ ብያለሁ፣ እሱ አይቆጨኝም። ውሸት ነው የሚለውን ግን አልጻፍኩም። በሱ ፈንታ "ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፣ አሥራ አንድ ባልዲ" ብዬ ፈረምኩ። ከሥሬ ዛርናና አብረውን ባልዲ የያዙት ሦስቱ ልጆች ፈረሙ። አንዱን ለኢላቤን፣ ግልባጩን ለፓሬሽባይ ነው የምሰጠው። አባቴ ገና አልሰማም፣ ፈተናው ደግሞ ሰኞ ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው፣ አልቀደውም። እናንተ ብትሆኑስ፣ ትሰጡ ነበር ወይስ ውሸት ነው ብላችሁ ፈርማችሁ ፈተና ትገቡ ነበር?