ያገለገለ መለዋወጫ

ጉዳይ አስፈጻሚዋ ሰውዬውን የናቀችው ገና ባየችው ቀን ነው። በጦርነቱ ጊዜ የወደቁ አውሮፕላኖችን የሚፈልገው ቡድን መሪ እሱ ነው አሉ። መሪ! አንድ ጠብታ ላብ ያልነካው ባርኔጣ ደፍቶ፣ ኪሱ የበዛ ሰደርያ ለብሶ፣ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ተራራውን በጣቱ እያሳየ ካሜራ ፊት ሲንጎራደድ ይውላል። ተራራውን የሚወጡት ሌሎች ናቸው። እሷም "ባርኔጣው" ብላ ስም አወጣችለት።

በቡድኑ ውስጥ የእሷ ሥራ ወረቀት ነበር። ለሰው መግቢያ፣ ለዕቃ መውጫ ፈቃድ እያለች ከቢሮ ቢሮ እግሯ እስኪቀጥን ትመላለሳለች። እዚያ ደግሞ የፈቃድ ክፍሉ ኃላፊ አለ፤ ማህተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ የመጣውን ሁሉ "ነገ ተመለስ" እያለ የሚሸኝ። እሱን "አቶ ነገ" ትለዋለች። ሁለቱ አንድ ላይ ቢጨመቁ አንድ ሙሉ ሰው አይወጣቸውም።

ታዲያ እዚህ ሥራ ላይ ምን አስቀመጣት? አክስቷ ናት። እናት አባቷ ሲሞቱባት አንስታ ያሳደገቻት አክስቷ አንድ ታናሽ ወንድም ነበራት፤ በጦርነቱ ጊዜ ብቻውን የሚያበራትን ትንሽ አውሮፕላን ይዞ እንደወጣ የቀረ። አክስቷ እስከ ዛሬ "ሞቷል" ብላ አታውቅም፤ "አልተመለሰም" ነው የምትለው። አሁን አልጋ ይዛለች፣ ድምጿም ሰልሏል። "እሱን ሳልቀብር እኔን እንዳትቀብሩኝ" አለች፣ በቃ።

አንድ ቀን ጠዋት ተራራ ወጪዎቹ ደወሉ። አውሮፕላኗ ተገኘች። ጭራዋ ላይ ያለው ቁጥር የእሱ ነው፣ መቀመጫው ላይም አጥንት አለ። ጉዳይ አስፈጻሚዋ እያለቀሰች ወደ በረንዳው ሮጠች።

"ማንም እንዳይነካው!" አለ ባርኔጣው፣ ገና ሳትጨርስ። "ይህ ታሪክ ነው። የፊልም ሰዎቼ ክረምቱ ሲወጣ ይመጣሉ፤ እኔ ራሴ ሳገኘው ይቀርጹኛል።"

"አንተ ራስህ ስታገኘው?"

"ለተመልካች ነዋ።"

"አክስቴ እስከዚያ የምትቆይ ይመስልሃል?"

"ስሜታዊ አትሁኚ፣ እህቴ" አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ደሟ ፈላ። እህትህን ያሳጣህ ልትለው ምላሷ ላይ ደርሶ ዋጠችው።

ደግነቱ ተራራ ወጪዎቹ ሰው ነበሩ። የሰው አጥንት ዝናብ ሲመታው አናይም ብለው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ በዕቃ ሳጥን አወረዱላት። የቀረው የአካባቢውን መውጫ ኬላ ማለፍ ነው። ኬላው ደግሞ ያለ መውጫ ፈቃድ ዝንብ አያሳልፍም።

ጤና ቢሮ ሄደች። "አስከሬን ለማንቀሳቀስ የሞት ማስረጃ አምጪ" አሏት። ማስረጃ ሰጪዎቹ ዘንድ ሄደች። "አስከሬኑን ሳናይ ማስረጃ አንሰጥም፤ እዚህ ድረስ አምጪው" አሏት። ወይ ጉድ! አቶ ነገ ዘንድ ስትደርስ ቅጹን ገልብጦ ገልብጦ፣ "እዚህ ላይ 'የዕቃው ዓይነት' ነው የሚለው። ሰው ዕቃ ነው?" ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። "ነገ ተመለሽ።"

ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ስንቱን አስፈርማዋለች! የቡድኑ መኪኖች በየጊዜው እየተሰበሩ፣ የተበላ ፍሬን፣ የተቃጠለ ፓምፕ ለጥገና ስታወጣ "ያገለገለ መለዋወጫ" ብላ ትጽፋለች፤ አቶ ነገም ቀና ሳይል ያትማል። ያንን ቃል ካየ እጁ በራሱ ይሄዳል።

አዲስ ቅጽ አወጣች። የገዛ አጎቷን እንዲህ ብላ ስትጽፍ እነዚያን ሁለቱን ከናቀችው በላይ ራሷን ናቀች። ግን ጻፈችው፦ ያገለገለ የአውሮፕላን መለዋወጫ፣ አንድ ሳጥን።

አቶ ነገ ስልክ ላይ ነበር፤ ስለ ሳሎኑ መጋረጃ ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቃል። "ቡኒ አልኩሽ እኮ!" እያለ ቁልፉን ከአንገቱ አወጣ፣ ማህተሙን ጧ አደረገው፣ ወረቀቱን ገፋላት። ዓይኑን እንኳ አላነሳም። ሰውን ከፓምፕ የማይለይ እንዲህ ያለ ከንቱ ለአንድ ቀን ጠቀማት።

ኬላው ላይ ጠባቂው ወረቀቱን አየና ሳጥኑን በጣቱ አንኳኳ።

"ይሠራል?"

"አይ፣ ወንድሜ፣ ሠርቶ ጨርሷል" አለችው። እንባዋን እንዳያይባት ፊቷን አዞረች።

ቤት ስትደርስ አክስቷ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ሳጥኑን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጡላት። አሮጊቷ ሁለት እጇን ክዳኑ ላይ አደረገችና፣

"እነዚያ ሰዎች ምን ብለው አሳለፉልሽ?" አለች።

"ተይው፣ እትዬ።"

"ንገሪኝ እንጂ።"

"መለዋወጫ ነው ብዬ። የአውሮፕላን መለዋወጫ። ይቅር በዪኝ፣ እትዬ፣ ሌላ መላ አጣሁ።" ወረቀቱን አውጥታ አሳየቻት።

አሮጊቷ ወረቀቱን ተቀብላ ማህተሙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"መጨረሻ የመጣ ዕለት እዚሁ ቁጭ ብሎ እራቱን እንኳ አልበላልኝም። 'ሞተሯ ታማለች፤ መለዋወጫ ስጡኝ ብል፣ ማህተም ያስፈልገዋል፣ ነገ ተመለስ ይሉኛል' አለኝ። በነጋታው እንደታመመች ይዟት ወጣ።"

አክስቷ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላት።

"ስንቀብረው ከሱ ጋር አድርጊለት" አለች። "ሲጠብቀው የነበረው ይህንኑ ነው።"