የሻይ ሰዓት ሟቾች

ስናደድ ጥርሴን አፋጫለሁ፤ ያን ሳምንት እንዴት ጥርስ እንደተረፈኝ እንጃ።

ገና ፋብሪካ ያልገባ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ያለ አዲስ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ እየፈተንን ነበር። ሾፌሮቹና ተኳሾቹ ግን እውነተኛ ወታደሮች ናቸው። በሦስት ከተማ፣ በሦስት አዳራሽ፣ መሪና ስክሪን ፊት ተቀምጠው በኔትወርክ አንድ የጦር ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። እኔ ዋናው ክፍል ሆኜ ሁሉንም በካርታ እከታተላለሁ። ከሾፌሮቹ አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነው። ቤት ውስጥ ጥድፌ እንለዋለን፤ ከእናታችን ሆድ እንኳ ጊዜው ሳይደርስ ተጣድፎ ነው የወጣው።

አዲሱ ፈተናውን ካለፈ መጀመሪያ የሚደርሰው ለነጥድፌ የጦር ክፍል ነው። ከወደቀ በአሮጌው ይቀጥላሉ፤ ባለፈው ዓመት የጥድፌ ጓደኛ ውስጡ በተቃጠለበት በዚያው።

እና ይኸው አዲሱ በየቀኑ ድምጥማጡ ይጠፋል! አለቃችን "ይኼማ የሬሳ ሳጥን ነው፤ ነገ አይሆንም ብዬ እፈርማለሁ" አሉ። ቁጭ ብዬ የየቀኑን ውጊያ መልሼ አየሁት። ጉድ እኮ ነው! ጠዋት እንደ ነብር ሲዋጉ የነበሩ ሰዎች፣ ሻይ ሰዓት ሲቃረብ ሜዳ መሃል ተገትረው ይቆማሉ።

ስልክ አንስቼ ለጥድፌ ደወልኩ። "አንተ! ምን እየሠራችሁ ነው?"

ሳቀ። "እታለም፣ የሞተ ለሻይ ይውጣ አይደል ሕጉ? ቀድሞ የሞተ ትኩስ ዳቦ ያገኛል። የቆየ ፍርፋሪ ነው የሚደርሰው።"

"ለዳቦ ብለህ ነው የምትሞተው? አንተን ብሎ ወታደር!"

ደሜ ፈላ። አለቃዬን ለምኜ አንድ ቀን አስጨመርኩና ሕጉን ቀየርኩት። የሞተ ሰው ስክሪኑ ይጠፋል፤ ውጊያው እስኪያልቅ ከወንበሩ ሳይነሳ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። የሌሎቹን ድምፅ ይሰማል፤ መልስ መስጠት ግን ክልክል ነው።

በማግስቱ ያ ሁሉ ጀግና አደብ ገዛ። ከጉብታ ጉብታ እየተሹለከለኩ፣ እየተጠባበቁ ሄዱ። አዲሱ ተሽከርካሪ አቅሙን ያሳየን ያኔ ነው፤ ስንት ጊዜ ከሞት አፍ አወጣቸው! አለቃችን ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ።

ሊያበቃ ሲል ድልድዩ አጠገብ አንድ ምልክት ከካርታው ላይ ጠፋ። የጥድፌ ነበር። ኋላ የቀረ ጓደኛውን ሊሸፍን ተመልሶ ነው። ልምምድ መሆኑን አውቃለሁ፤ አዳራሽ ውስጥ በደህና መቀመጡንም አውቃለሁ። ያም ሆኖ ማይኩን ይዤ፣ ሦስቱም ከተማ እየሰማ፣ በቤት ስሙ ጠራሁት። ደግሜ ጠራሁት። ዝም አለ።

ውጊያው አለቀ። አዲሱ አለፈ፤ አለቃችንም ፈረሙ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ስልኬ ጮኸ።

"አለፍን?" አለኝ ጥድፌ። ያ ሳቁ የለም።

"አለፋችሁ።"

"እታለም፣ ስትጠሪኝ እኮ እሰማሽ ነበር። አቤት ልልሽ አልቻልኩም።"

"ሂድ ዳቦህን ብላ" አልኩት።