የአንድ እርምጃ ኳስ

መዶሻን የሰደበው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከምሳ በኋላ፣ ቦታው የጎልፍ ሜዳው የሣር ማጨጃ መኪኖች የሚቆሙበት የቆርቆሮ መጋዘን። ወንድሟ የሜዳው መካኒክ ነው። ያን ጊዜ እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ ነበር። ግሪሱን በጨርቅ እየጠረገ፣ የሜዳው ኃላፊ ባለበት፣ ሣር አጫጆቹ ባሉበት፣ «የሱ እጅ የሚጸናው ሰው ሲመታ ብቻ ነው፤ ኳስ ሲያይማ እንደ አዲስ ሙሽራ ይርበተበታል» አለ። ሳቁ። ኃላፊው እንኳ፣ ጥርሱ ታይቶ የማያውቀው ሰውዬ፣ አፉን በመዳፉ ሸፈን አደረገ። መዶሻ ሁሉንም አየ። ማን ጮክ ብሎ እንደሳቀ፣ ማን አንገቱን ደፍቶ እንደሳቀ፣ ማን ነገሩ ሳይገባው ለሰው ብሎ እንደሳቀ አንድ በአንድ በልቡ ያዘ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ መዶሻ ግን የወጋውን ብቻ ሳይሆን ጦሩን ያቀበለውንም፣ ቆሞ ያየውንም አይረሳም።

መዶሻ ያሉት በክንዱ ነው። የተጫዋቾችን የዱላ ቦርሳ እየተሸከመ ያደገ፣ ጎልፍን በዓይኑ የሰረቀ ሰው ነው፤ «ና እንዲህ ያዝ» ያለው ማንም የለም። ዱላውን ከትከሻው በላይ አንስቶ ሲለቀው ኳሷ የዛፎቹን አናት ታልፋለች፤ በዚህ አቻ የለውም። መከራው ጉድጓዱ አጠገብ ነው። አንድ እርምጃ ሲቀራት፣ ሕፃን በእግሩ ገፍቶ የሚያስገባት ስትሆን፣ ልክ የዱላው ብረት ኳሷን ሊነካ ሲል የቀኝ እጁ አንጓ ይነጥቃል። ጊንጥ እንደነደፈው ሰው ድንገት ይዘላል። ኳሷም ወይ ጉድጓዱን አልፋ ትበራለች፣ ወይ ወደ ጎን ትሸሻለች። መጀመሪያ ድካም ነው አሉት። ቀጥሎ መጠጥ ነው አሉ፤ እሱ ደግሞ አይጠጣም። በመጨረሻ ፊት ለፊት ይስቁበት ጀመር። እሱም የሳቀበትን ይመታል። በዚያ ሜዳ ጥርሱ ያልተነቃነቀ ሠራተኛ ከተገኘ ገና አዲስ የተቀጠረ ነው።

የሐሙሱ ስድብ የመጣው ኃላፊው ያን ቀን ነገሩን ስለቆረጠ ነው። ሜዳው ከእንግዲህ የሚይዘው አንድ አሰልጣኝ ብቻ ነው። እሁድ እስካሁን ያሰለጥን የነበረው መዶሻና ቀጮ የሚሉት አዲስ ተጫዋች ይጋጠማሉ፤ ያሸነፈ ሥራውንም፣ ከምግብ አዳራሹ ጀርባ ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል ቤትም ይይዛል። የተሸነፈ ዕቃውን ይጭናል። መዶሻ የሚኖረው፣ ሚስቱንም ያገባው እዚያች ቤት ውስጥ ነው። የልብስ ስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ ደንበኞቿም በዚያው መስኮት ነው ጨርቅ የሚያቀብሏት።

ሲሰደብ መጋዘኑን ጥሎ ወጣ። የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ግን ተመልሶ መጣ። የያዘውም አጭሩን ዱላ ነበር፣ ጉድጓድ አጠገብ ሁልጊዜ የሚያዋርደውን። መካኒኩ ከማጨጃው ሥር በጀርባው ተኝቶ ብሎን ያላላል። ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ጎትቶ አወጣውና ሳይነሳ ትከሻው ላይ አሳረፈበት። ሁለተኛውን ክርኑ ላይ። መካኒኩም የዋዛ አይደለም፤ በእጁ የነበረውን መፍቻ መዶሻ ጎን ላይ ሲሰነዝርበት የጎድን አጥንቱ ቀጭ ሲል ለሁለቱም ተሰማቸው። ተያያዙ። የተደፋ ዘይት ላይ እየተንሸራተቱ፣ የወደቀ ቆርቆሮ እየረገጡ፣ አንዱ ሲነክስ ሌላው በጭንቅላቱ ሲገጭ ከግድግዳ ግድግዳ ተላተሙ። የመካኒኩ ቅንድብ ተተርትሮ ደሙ ዓይኑን ሞላው። መዶሻ ደረቱ ላይ ተንበረከከና ዱላውን በሁለት እጁ ከአናቱ በላይ አነሳ። የሰደበው አፍ ነበር የሚታየው። እዚያው ሊያሳርፈው ነበር።

ሚስቱ የገባችው ያኔ ነው። የሜዳው አትክልተኛ ሮጣ ጠርታት፣ መርፌው ከነክሩ ደረቷ ላይ እንደተሰካ መጥታ ወንድሟ ላይ ተደፋችበት። ዱላው እየወረደ ነበር። የሻሿን ጠርዝ ነክቶ፣ ግንባሯ ጋ ሊደርስ የጣት ውፍረት ሲቀረው ቀጥ አለ። አልተንቀጠቀጠም፣ አልነጠቀም።

ብረቱን አየችው፣ ከዚያ ባሏን።

«አሁንስ እጅህን ምን ያዘው?»

«ተይው፣ ይጨርሰኝ» አለ ወንድሟ ከሥሯ ደም እየተፋ።

«አንተ ዝም በል፣ ጋሼ። እሱን ነው የጠየቅሁት።»

መዶሻ ዱላውን ወደ ጎን አወረደ። «እንጃ» አለ። «ዱላውን አላየሁትም። አንቺን ነው ያየሁት።»

«እንግዲያው ስማኝ። ይህ እጅ ዳግም ሰው ላይ ከተነሳ ቤቱ ላንተ ይሁን፤ እኔ የለሁበትም።» ወንድሟን ደግፋ ይዛው ወጣች።

በማግስቱ ጎኑን በጨርቅ ጠፍሮ ሜዳ ወጣ። ኳሷን ከጉድጓዱ አንድ እርምጃ አስቀመጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ ብረቱና ኳሷ ላይ እያፈጠጠ ነበር የሚመታው። አሁን ኳሷን ተዋትና ጉድጓዱን አየ። አንጓው ነጠቀበት። ተሳደበ፤ መሳደቡ ጎኑን ወጋው። ደግሞ ቆመ። ጉድጓዱን በሐሳቡ የሚስቱ ግንባር አደረገው፤ ዳር ዳሩን ሻሽ አለበሰው፣ ከሥሩም ያን ጊዜ ያየችበትን ዓይኗን አስቀመጠ። ለቀቀው። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄዳ ገባች። ደስ አላለውም። ግን ደገመው። ቅዳሜም ቀኑን ሙሉ ደጋገመው። ወደ ብረቱ ያየ እንደሆን አንጓው ይዘላል፤ ግንባሯን ካየ ይጸናል። የዚህ ዓይነት መድኃኒት ለጠላትም አይታዘዝ።

እሁድ ሁለቱ እኩል ሆነው የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ደረሱ። ቀጮ ጨረሰ። ለመዶሻ የቀረችው ያችው የአንድ እርምጃ ኳስ ናት፤ ካስገባት ቤቱ የሱ ነው። መካኒኩ ቅንድቡ ተሰፍቶ፣ ክንዱ በጨርቅ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ከፊት ቆሟል። ሚስቱ ራቅ ብላ የአዳራሹን ግድግዳ ተደግፋለች። አንዱ ሣር አጫጅ «አሁን ይነጥቃል፣ ጠብቁ» ሲል ሰማው፤ ድምፁን ለይቶ ያዘው። መካኒኩም ሆን ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። አንጓው ውስጥ ያ ነገር እንደ ውሻ ጆሮውን ሲያቆም ተሰማው። ወደ ብረቱ አላየም። ጉድጓዱ ውስጥ ግንባሯን አየ። ቀጭ አለ፤ ኳሷን ጉድጓዱ ዋጣት።

አጨበጨቡ። ቀጮ መጥቶ ጨበጠው፣ ኃላፊውም ራሱን ነቀነቀለት። መካኒኩ ሰዉን ሰንጥቆ መጣና የስፌቱ ክር እስኪታይ ድረስ ተጠግቶ ቆመ።

«ሐሙስ እጅህ የጸናው በእህቴ ግንባር ላይ ነው፤ ኳስ መምታትም የተማርከው እዚያው ነው» አለ ሁሉም እንዲሰማው። «አሰልጣኝነቱን አስከበርክ አይደል፤ ተማሪዎችህ ሲመጡ እንዲህ ብለህ አስተምራቸው።»

ሣር አጫጆቹ ለድብድቡ ቦታ ለመልቀቅ ወደ ኋላ ሸሹ። መዶሻ ዱላውን እንደጨበጠ ነው፤ የጣቶቹ አንጓ ነጥቷል። ሐሰት ቢሆን ይቀለው ነበር፤ ለሐሰት ጡጫ ይበቃዋል። በመካኒኩ ትከሻ ላይ አሻግሮ ሚስቱን አያት። እሷ የምታየው ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው።

ሆድ ይፍጀው አለ። ዱላውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ቦርሳውን ደህና በሆነው ጎኑ አነገተ፣ በመካኒኩ አጠገብ አልፎ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ። እየሄደም በልቡ ያዘ፦ እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ፣ ኃላፊው ባለበት። ይህን ጊዜ ማንም አለመሳቁንም ያዘ።