የዚያች ምሽት አየር

የወንድሜ ባለጎማ ወንበር ብቻዋን ትሄዳለች። የቢሯችን ወለል ዘንበል ያለ ነው፣ ምክንያቱ ይገባኛል። ቢሆንም እሱ ከሞተ ወዲህ፣ ቀና ባልኩ ቁጥር መስኮቱ ሥር ደርሳ ሳገኛት ቶሎ ብዬ ወደ ጠረጴዛው እመልሳታለሁ።

ሥራችን ሌሎች ከዋክብትን የሚዞሩ ፕላኔቶችን አየር ማጥናት ነው። ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ በአየሯ ውስጥ ሾልኮ ይመጣል፤ የጎደለው ቀለም በአየሯ ውስጥ ያለውን ይነግረናል። ችግሩ፣ ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ የራሳችንንም አየር ያቋርጣል። ስለዚህ በዚያው ምሽት አንዲት ጎረቤት ኮከብ አይተን፣ ከእሷ ብርሃን የጎደለውን የእኛን አየር ድርሻ እንቀንሳለን።

ወንድሜ በመጨረሻ ምልከታው በአንዲት ፕላኔት አየር ውስጥ ውሃ አገኘ። ፕላኔቷን «ርጥቧ» አላትና ለእማዬ ደወለላት። ሳምባው ከድቶት ካረፈ በኋላ እማዬ የተጽናናችው በዚያ ውሃ ነው። «የልጄ ውሃ መቼ ነው የሚነገረው?» ትለኛለች በገባሁ በወጣሁ ቁጥር።

አለቃችን ስለ ውሃው የተጻፈውን ጽሑፍ ለመጽሔት ሊልክ ሲል ስሌቱን አንዴ ልየው ብዬ ከፈትኩት። ወንድሜ የቀነሰው ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት የተለካውን የእኛን አየር ነበር። በምልከታው ምሽት ሳሉ አላስቆም ብሎት ጎረቤቷን ኮከብ ሳያይ ወጥቷል። በአንዲት ነጥብ ስህተት አፈር ድሜ ሲያበላኝ የኖረ ሰው! የአየር ጠባይ መለኪያችንን አየሁ፤ ያን ምሽት እርጥበት ገብቶ ነበር። ያን እርጥበት ስቀንስ ውሃው ጠፋ፣ መስመሩ ልሙጥ ሆነ። ልሙጥ መስመር ሆስፒታልም የልቡ መለኪያ ላይ አይቻለሁ፣ አልወድም።

ዞር ስል ወንበሯ መስኮቱ ሥር ናት።

«አትዪኝ» አልኳት።

ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ብናገር ደግሞ ለእማዬ ምን ይቀራታል? ግን እሱ ራሱ በውሸት ውሃ ስሙ ቢነሳ መቃብሩ ውስጥ ይገላበጣል። ለአለቃዬ «አይላክም» ብዬ ቤት ሄድኩ።

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት።

«ታዲያ ውሃው የማን ነው?»

«የእኛው አየር ነው እማዬ። ያን ምሽት እዚያ የነበረው።»

«ልጄ የነበረበት?»

«አዎ።»

«ሲተነፍሰው ያመሸው?»

ጭንቅላቴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«በይ አሳዪኝ።»

ላፕቶፑን ከፈትኩላት። ያልታረመችውን፣ ጎበጥ ጎበጥ ያለችውን መስመር በጣቷ ተከተለቻት።

«ለሰው አትናገሩ፣ ደግ አደረግሽ። ይቺን ግን እንዳትነኪብኝ።»

ከዚያ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች፤ ጠዋት ጠዋት የወንድሜን ሹራብ እንደምታሸተው፣ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ አየር ሳበች።