አትቅመሺ፣ አሽትቺ

ገበያው ሰፊ የቆርቆሮ ጣሪያ ለብሷል። ከላይ ዝናቡ ይደበድበዋል፣ ከሥር ሻጩ ሁሉ ይጮሃል። ሃዋይ ነው ያለነው። ልጄ ቲና ክንዴን ይዛ ፓፓያውን፣ አናናሱን፣ በቅጠል የተጠቀለለውን ዓሣ ታሳየኛለች። እኔ ደግሞ ያገኘሁትን ሁሉ አፍንጫዬ ሥር እያስጠጋሁ «አቤት! ሽታው እንዴት ደስ ይላል!» እላለሁ።

ውሸቴን ነው። ጥር ላይ ያ ጉንፋን የመሰለ ነገር ከያዘኝ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ሽንኩርት ሲያር እንኳ የማውቀው ጭሱን ሳይ ነው። ለሌላ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። እኔ ውብዳር ግን ስንት ዓመት ሙሉ ኦክላንድ ላይ ምግብ ቤት ይዤ የኖርኩ ሴት ነኝ። በጾም እኔ እጾማለሁ፣ ደንበኛው ዶሮ ወጥ ያዛል። ታዲያ አፌ ላይ ጠብ ሳላደርግ ጨውንም ቅመሙንም የምለካው በአፍንጫዬ ነው። እሱ ከሄደ ምኔ ቀረ? «ውብዳር አበቃላት» ከምባል ሞቴን እመርጣለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ደግነቱ በቅዳም ስዑር በግምት የሠራሁት የፋሲካ ዶሮ ተሳካልኝ። ጋሽ ንጋቱ፣ ድሮ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት፣ ለምስጋና የሚሰስቱት ደንበኛዬ፣ ሁለቴ አስጨምረው «እጅሽ ይባረክ! እንደ ዘንድሮውማ በልቼ አላውቅም» አሉኝ። እስካሁን ቀጥ ብዬ የቆምኩት በዚያች ቃል ነው።

ቲና ሳን ሆዜ ነርስ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ ቤት ታግዘኛለች። «ማሚ፣ ብሬክ ያስፈልግሻል» ብላ ቲኬት ቆርጣ ነው ያመጣችኝ።

ገበያው መጨረሻ ላይ አንዲት አሮጊት እሾሃም ትልቅ ፍሬ ፈልጣ ቢጫ ቢጫ ውስጡን ደርድራለች። ዱሪያን ይባላል አለችኝ ቲና። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያጨፈግግ መች አየሁ! አንድ ቁራሽ አነሳሁና እንደ ልማዴ በረጅሙ ሳብኩት።

«አቤት! ጽጌረዳ በይው!»

አሮጊቷ በሳቅ ሞተች። አጠገባችን የቆመ ጎረምሳ አፍንጫውን እንደያዘ ይንፈቀፈቃል። ቲና አልሳቀችም።

«ማሚ፣ ይሄ እኮ ላይክ ጋርቤጅ ነው የሚሸተው» አለችኝ ቀስ ብላ።

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ምን ይጠበስ! እኔን ደስ ካለኝስ?» ብዬ በእልህ ቁራሹን ዋጥኩት። ለስላሳ ነው፣ ይጣፍጣል፤ ከዚያ በላይ ምንም አልነገረኝም።

«ኢትስ ኦኬይ። አይ ኖው። ከጾሙ ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

አንገቷን ደፋች። «የፋሲካው ዶሮ። አንቺ ስትወጪ አይ ፊክስድ ኢት፣ አስተካከልኩት። ጨው አልነበረውም፣ ቅመሙም ትንሽ ነበር።»

«በጾም ቀመስሽ?»

«ኖ! አሸተትኩት። ላይክ ዩ ቶት ሚ፣ እንዳስተማርሽኝ።»

በእኔ ድስት! አልዋሽም፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። የጋሽ ንጋቱ ምርቃት ለካ የእኔ አልነበረም። ያን ሁሉ ጊዜ ልቤን ያሞቀችልኝ ቃል የልጄ ነበረች። እዚያው በሰው መሃል እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ሃፒ ነበርሽ፣ ማሚ።»

ከልጅነቷ ጀምሮ ምድጃ አጠገብ አቁሜ «አትቅመሺ፣ አሽትቺ!» ስላት ዓይኗን ከስልኳ አታነሳም ነበር። ግድግዳ የማናግር ይመስለኝ ነበር። ስትሰማኝ ኖራለች። ጠጋ አልኳትና አቀፍኳት፤ ጎረምሳው አሁንም ይስቃል፣ ይሳቅ።

ኦክላንድ በተመለስን ቅዳሜ ቁሌቱን ጣድኩ። በርበሬውን ጨምሬ ብዙ ካማሰልኩ በኋላ «ነይ» ብያት ከድስቱ ዞር አልኩላት። ጎንበስ ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

«ደረሰ?» አልኳት። እስከዛሬ ይህን የምትጠይቀው እሷ ነበረች፤ የምመልሰው እኔ።

«ገና ነው» አለችኝ፣ በአማርኛ፣ ልክ እንደ እኔ ቆጣ ብላ። «ማማሰልሽን አታቁሚ።»

እሺ ብዬ ማማሰሌን ቀጠልኩ።