የጎማ ሽብልቅ

ዘቢባ ዕቃ ሳታገላብጥ ማለፍ አይሆንላትም። ዐረብ አገር፣ መላዝ በሚባል ሰፈር፣ በምትሠራበት ቤት የልብስ መቆንጠጫ እንኳ ያስደንቃታል፤ ሁለት ስንጥር እንጨትና አንዲት ጥምዝ ሽቦ፣ በቃ፣ አሸዋ ተሸክሞ የሚመጣውን ነፋስ ይገዳደራሉ። ቡና ሲቀዳበት አንዲት ጠብታ የማያንጠባጥበውን ፔርሙስ ደግሞ "የሠራህ እጅ ይባረክ" ትለዋለች። የቤቱ እመቤት፣ እሷ ማዳም የምትላት ኡሙ ፈሃድ፣ አንድ ቀን ሰምታ ከማን ጋር እንደምታወራ ጠይቃታለች።

ዓለም ላይ የሌለውንም ዕቃ በሐሳቧ ትሠራለች። የደከመውን ትቶ ያልደከመውን ብቻ የሚጠራ ደወል ሠርታለች። ራሱን በራሱ የሚተኩስ ቀሚስም ጀምራ ነበር፤ ቢሳካ እንጀራዋን እንደሚያሳጣት ሲገባት ተወችው። ከሁሉ የምትሳሳለት ግን ከውስጥ ብቻ የሚዞር የበር እጀታ ነው።

ምክንያት ነበራት። የምትተኛበት ክፍል የእሷ ብቻ አይደለም፤ ካውያው፣ ሻንጣዎቹ፣ የልጆቹ ኳስ ሁሉ እዚያ ነው። በሩ ቁልፍ የለውም። ማዳም ሳታንኳኳ ብድግ ብላ ትገባለች፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጇ ፈሃድም ቻርጀር ፍለጋ ዘው ይላል። ስለዚህ ዘቢባ ሦስት ዓመት ሙሉ ሻሿን እንዳሰረች ኖረች። ጸጉሯን ልታበጥር ትፈታለች፣ ኮቴ ትሰማለች፣ መልሳ ታስራለች። አንዱ ጎን ይበጠርና ሌላው ለነገ ያድራል። ጸጉሯ እየሳሳ፣ እሷም እየተነጫነጨች ሄደች። ሰው በገዛ ጸጉሩ ሲሸማቀቅ ያናድዳል።

አንድ አርብ የእንግዳ ክፍሉን ስትወለውል፣ በሩን ከፍቶ የያዘውን የጎማ ሽብልቅ አነሳችው። ስንቴ በአጠገቡ ጠርጋለች፤ ልብ ያለችው ግን ገና ያን ቀን ነው። ሽቦ የለው፣ ባትሪ የለው፤ አንድ ጫፉ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም። በሩ በገፋው ቁጥር ይበልጥ ይነክሳል። በር ከፍቶ የሚይዝ፣ ዘግቶ መያዝ ምን ያቅተዋል? ጥንድ ሆኖ ስለተገዛ ሁለተኛው ሽብልቅ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ያለ ሥራ ተቀምጧል።

ልብስ ልታሰጣ ሰገነት ስትወጣ፣ ጎረቤት ለምትሠራው ለፊርደውስ ያሰበችውን ነገረቻት።

"እህቴ፣ ማዳምሽ በር ዘጋችብኝ ብላ ወደ መክተብ ብትመልስሽስ? ኸላስ፣ አለቀልሽ" አለቻት ፊርደውስ።

መክተብ ያስቀጠራት ቢሮ ነው፤ ወደዚያ የተመለሰች ሴት ወዴት እንደምትላክ አታውቅም። ዘቢባ ወርዳ መሳቢያውን ከፈተች፣ ዘጋች። ሽንኩርት ከተፈች። የታጠበ ድስት አጠበች። እንደገና ከፈተች፣ እንደገና ዘጋች። በሦስተኛው ሽብልቁን ኪሷ ከተተችው።

ከቀትር በኋላ፣ የዐስር ሰላት እንዳለቀ፣ ክፍሏ ገብታ ሽብልቁን በበሩ ሥር በእግሯ ገፋችው። ሻሿን ፈታች፣ ጸጉሯን ዘይት ቀባች፣ ማበጠር ጀመረች። ቀኙን ጨርሳ ወደ ግራው ስትዞር እጀታው ወደ ታች ወረደ።

በሩ ተገፋ። ሽብልቁ ነከሰ። በትከሻ ተገፋ፤ የባሰ ነከሰ። መክተቡም፣ አውሮፕላኑም ታያት። በጣም ፈራች። እንዲያም ሆኖ ዓይኗን ከዚያች ቁራጭ ጎማ መንቀል አልቻለችም፤ እንዴት ያለች ጎበዝ ናት። ቢሆንም እግሯን ዘረጋች፣ ልታነሳት።

መግፋቱ ቆመ። ከዚያ በሩ ተንኳኳ፤ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ።

ዘቢባ ለሚያንኳኳ ሰው ምን እንደሚባል ጠፋባት።

"ሚን?" አለች በመጨረሻ፤ ማነው ማለቷ ነው።

ማዳም ከውጭ መለሰች፦ "እኔ ነኝ። ካውያውን ፈልጌ ነበር።"

ዘቢባ እግሯን ሰበሰበች።

"አንድ ደቂቃ፣ ማዳም" አለችና ግራውን ጎን እስከ ጫፉ አበጠረች።